«እጮኛዬ ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም?»



አበው «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። እነዚያው አበው ዞር ብለው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። መቼም ከሁለቱ የቱን እንደምንይዝ እንደ ቀኑና እንደ ጉዳዩ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ወዶ ዝም ስላለ ሰው አይደለም። መናገር እየፈለገ አፉም እጁም እምቢ ስላለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚቀርበት ደጃዝማችነት ብቻ መሰላችሁ? ትዳሩ፣ ቤቱ፣ የሚበላውና የሚለብሰው ሳይቀር እሱ በተኛበት በሌላ ሰው አፍ ይወሰናል። ሰዎች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ይሄ እንግዲህ ምኑን ይሰማል!» ሲሉ ቁልጭ አድርጎ የሚሰማ ሰው አስቡ እስቲ!

ይህ ተረት አይደለም። እዚሁ ባህር ዳር፣ እዚሁ ግሽ አባይ ሠፈር ያለ ጉዳይ ነው።

ደብዳቤዋ

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ደብዳቤ ላከችልኝ። በዚህ ገጽ ልማድ መሠረት ስሟንም ስሙንም አልጠቅስም። እሷም ሆነች እሱ እንዲጻፍ ፈቅደዋል (እሱ እንዴት እንደፈቀደ ስታነቡ ይገባችኋል)። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

«ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተናል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቼም እሺ ብለው ቀን ተቆርጦ ነበር። ለሠርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ነፍሱ ተረፈች። ዛሬ ሰባተኛ ወሩ ነው። አይናገርም፣ እጁም እግሩም አይታዘዝለትም። ዘመዶቹ “አንቺ ልጅ ዕድሜሽን አታቃጥይ፣ እሱ አእምሮው የለም” ይሉኛል። የኔዎቹ ደግሞ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። እኔ ግን ስገባ ዓይኑ ይከተለኛል፤ ስቀልድበት ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ይህን ስናገር አበደች አሉኝ። እባካችሁ፣ እጮኛዬ ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም? የሚሰማኝ ከሆነ ሳልጠይቀው እንዴት እሄዳለሁ? የማይሰማኝ ከሆነስ ማንን ነው የምጠብቀው?»

በዚህ ገጽ ብዙ የፍቅር ደብዳቤ አንብቤያለሁ። የከዳ አለ፣ የተከዳ አለ፣ ሁለት ወዶ መሐል መንገድ ላይ የቆመም አለ። ለነዚህ «ልብሽን አዳምጪ»፣ «ቆም ብለህ አስብ» እያልኩ መልሻለሁ። ይህችን ግን እንዲያ ብዬ ልሸኛት አልቻልኩም። ጥያቄዋ የልብ ጥያቄ ብቻ አይደለማ! መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ግን አፍ የሌለው ሰው እንዴት ይጠየቃል?

በሩ የተቆለፈ ቤት

እኔ ትምህርቴ ከ12ኛ ክፍል አላለፈም፤ ሐኪምም የኮምፒውተር ምሁርም አይደለሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የሮጥኩት የሚያውቁትን ወደ መጠየቅ ነው። ያገኘሁት ሐኪም እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

አንጎላችንን ከአከርካሪያችን ጋር የሚያገናኝ ግንድ መሳይ ክፍል አለ። ከአንጎል የሚወጣው ትዕዛዝ ሁሉ (እጅ ተነሳ፣ እግር ተራመድ፣ ምላስ ተናገር የሚለው) በዚያ በኩል ያልፋል። ይህ ግንድ ደም ሲቋረጥበት ወይም በአደጋ ሲጎዳ መንገዱ ይዘጋል። ላይ ያለው ማሰቢያ ግን ምንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል! ሰውየው ያያል፣ ይሰማል፣ ያስታውሳል፣ ይናደዳል፣ ይወዳል። ብዙውን ጊዜ የሚቀርለት ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና መጨፈን ብቻ ነው። በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ቤት ማለት ነው፤ ባለቤቱ ውስጥ አለ።

ሐኪሙ ግን አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። መናገር ያቃተው ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ በእርግጥ ራሱን አያውቅም፤ ዓይኑ ቢገለጥም አያስተውልም። ይህን የሚለየው የነርቭ ሐኪም እንጂ ጎረቤት ወይም ጋዜጠኛ አይደለም። ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ «ወደ ላይ ተመልከት»፣ «ዓይንህን ጨፍን» እያሉ መጠየቅ፣ በተለያየ ቀንና ሰዓት መደጋገም፣ መልስ ከታየም ለሐኪም መንገር።

በዓይን ቆብ የተጻፈ መጽሐፍ

እንዲህ ያለው ዕጣ ዓለም አይቶት የማያውቀው አይደለም። ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የሚባል ፈረንሳዊ «ኤል» የተባለው ስመ ጥር የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ፣ በ43 ዓመቱ፣ በድንገት አንጎሉ ውስጥ ደም ተቋረጠና ወደቀ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲነቃ ለመነጋገሪያ የሚሆነው የግራ ዓይኑ ቆብ ብቻ ሆኖ አገኘው። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ከጎኑ የተቀመጠች ሴት የፈረንሳይኛን ፊደላት ብዙ ጊዜ ከሚያገለግለው ጀምራ አንድ በአንድ ትጠራለች። የሚፈልገው ላይ ስትደርስ ይጠቅሳታል። እሷ ትጽፋለች። በዚህ መንገድ ጠቅሶ ጠቅሶ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጨረሰ! መጽሐፉ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1997 ታትሞ በወጣ በቀናት ውስጥ እሱም አረፈ።

ሌላው የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ነው። በ21 ዓመቱ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሰንፍ በሽታ ተገኘበት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ድምፁን ጨርሶ አጣ። መጀመሪያ በጣቱ ቁልፍ እየተጫነ ይጽፍ ነበር። ጣቱም ሲደክም ጉንጩ ቀረችለት። መነጽሩ ላይ የተገጠመች ትንሽ መሣሪያ የጉንጩን እንቅስቃሴ ትጠብቃለች። ኮምፒውተሩ ፊደላቱን እየተዘዋወረ ያበራል፤ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ ያ ፊደል ይጻፋል። ኋላ ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ አንድ ቃል ገደማ ደርሶ ነበር። በደቂቃ አንድ ቃል! ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሞት ድረስ ሲጽፍና ሲያስተምር ኖረ። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ለሱ ያሻሻለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ለማንም በነጻ ለቆታል።

ልብ በሉ! የሁለቱ ዘዴ አንድ ነው። አንዱ ፊደል ይጠራል፤ ሰውም ይሁን ማሽን። ሌላው «እሱን!» ይላል፤ በዓይኑም ይሁን በጉንጩ። የቀረው ጌጥ ነው።

የኛ ፊደልስ?

እዚህ ላይ ጭንቅላቴን አሳከከኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። የኛ 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ! አንድ በአንድ ቢጠራ «ፖ» ላይ ስንደርስ ጥምቀት ይደርሳል። በኋላ ግን ሃ ሁ የቆጠርንበትን የፊደል ገበታ ሳስበው፣ እንዴ! ነገሩ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው! ገበታው ረድፍና ዓምድ አለው። መጀመሪያ የግዕዙን ረድፍ ብቻ ወደ ታች ትጠራላችሁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እሺ ሲላችሁ ደግሞ ወደ ጎን፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ቢበዛ 33 ሲደመር 7፣ 40 ጥሪ ነው። 231 ቀረ!

ሎሚዋ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕፃናት የሚማሩበትን የፊደል ገበታ ጠቅልዬ ከልጅቷ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና አቅርበው በአክብሮት ተቀበሉን፤ ግን አላመኑንም። «ልጄ፣ ደከማችሁ። እሱ ምኑን ሊሰማ ብላችሁ ነው!» አሉ፤ እሱ እዚያው እየሰማ።

መጀመሪያ ምልክት ተስማማን። ቅንድብ አንዴ ከፍ ማለት «አዎ» ወይም «እሱን»፤ ዓይን ረጋ ብሎ መጨፈን «አይደለም»። ከዚያ የመጣው ፈተና ነው። ፈተናው ለምን አስፈለገ? በውጭ አገር የበሽተኛውን እጅ ደግፎ ማስጻፍ የሚባል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጣም ገንኖ ነበር። ቤተሰብ ሁሉ በደስታ አለቀሰ። ኋላ ግን ረዳቱ የማያውቀውን ነገር እየጠየቁ ሲፈትኑት፣ ሳይታወቀው ይጽፍ የነበረው ረዳቱ ራሱ ሆኖ ተገኘ! ፍቅር ያለበት ሰው የሚመኘውን ያነባል። እኛም ይህ እንዳይደርስብን ፈራን።

ስለዚህ እኔና ልጅቷ ወደ ጓሮ ወጣን። ታናሽ ወንድሙ ከኩሽና አንድ ዕቃ አምጥቶ ለሱ ብቻ አሳየውና ኪሱ ከተተ። ተመለስን። ወንድምየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷ መጥራት ጀመረች።

ሀ... ለ... ቅንድቡ ተነሳ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ... ተነሳ። «ሎ» ብዬ ጻፍኩ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ... ተነሳ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ... ተነሳ። «ሚ»።

ወንድምየው ኪሱ ውስጥ ገብቶ ሎሚዋን አወጣ።

እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ከዚያ ወደ አልጋው ተጠግተው ያሉት ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «ሰባት ወር ሙሉ?» ቅንድቡ ተነሳ።

ቀጥሎ «አሁን የፈለግከውን ተናገር» አልነው። ሁላችንም የፍቅር ቃል እየጠበቅን ነበር፤ እኔ እንኳ ብዕሬን ስዬ! የጻፈው ግን «ጀርባ» የሚል ነው። ወንድምየው ጎኑን ደግፎ አነሳው። ሰውነቱን በየቀኑ ያጥቡታል፤ ፍራሹን ግን ማንም ገልጦ አላየም። ስንገልጠው ከሥሩ አንደኛው ርብራብ ጣውላ ተሰብሮ ሽቅብ ወጥቷል። በትክክል በዚያ ቦታ ጀርባው ቀልቶ ሊቆስል ጥቂት ቀርቶታል። ሌሊት ሌሊት ከዓይኑ የሚወርደውን እንባ ቤተሰቡ የሐዘን ነው እያለ ይጠርግለት ነበር። የጣውላ ነበር!

ጥያቄዋና መልሱ

በማግሥቱ ብቻዋን ጠየቀችው። እኔ አልነበርኩም። ኋላ በፈቃዱ እንደነገረችኝ ጥያቄዋ አጭር ነው፤ «ልቆይ ወይስ ልሂድ?» መልሱ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ስድስት ፊደል ነው። «ዓመት ስጪኝ»።

ጠብቂኝም አላላት፣ ሂጂም አላላት። ዓመት ለመነ።

«ምን ልመልስለት?» ብላ ስትመጣ ያልኳት ይህን ነው። እሱ ጠይቋል፤ እሺም እምቢም የማለት መብት ያንቺ ነው። ከሐዘኔታ የተሰጠ ዓመት ለሁለታችሁም ዕዳ ይሆናል። የምትሰጪው ከሆነ ግን ልክ እንደ ጤነኛ እጮኛ ተከራከሪው፣ ተቆጪው፣ አስቂው። ልጅቷ ከኔ በላይ ብልህ ናት። «ዓመቱን ሰጥቼዋለሁ፤ ግን በየቀኑ የምንነጋገር ከሆነ ነው» ብላ መልስ ሰጠችው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ አዲሱ ችግር የመጣው። እሷ ሥራ አላት፣ ቤቷም ሌላ ነው። እሷ በሌለችበት ፊደል የሚጠሩለት እናቱ ወይም ወንድሙ ናቸው። እስቲ ይታያችሁ! የትኛው ወጣት ነው ለፍቅረኛው የሚልከውን መልእክት በእናቱ አፍ ፊደል በፊደል እያስጠራ የሚጽፈው? ምስጢር የሌለው ሰው ግማሽ ሰው ነው።

ቅንድብ የሚያነብ ስልክ

የፖሊ ግቢ ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ቀረብ ብሎ ረዳን። እንደ ሆኪንግ ያለ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም አለ። ቤት ውስጥ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ይበቃል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው «ስዊች አክሰስ» የሚባል የተደራሽነት ፕሮግራም አለ። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የፊት ካሜራውን ተጠቅሞ ስድስት እንቅስቃሴዎችን ይለያል፦ ወደ ቀኝ ማየት፣ ወደ ግራ ማየት፣ ወደ ላይ ማየት፣ ፈገግ ማለት፣ ቅንድብ ማንሳትና አፍ መክፈት። አንዱን ወይም ሁለቱን ትመርጡና ሥራ ትሰጡታላችሁ። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁልፎች በየተራ እያከበበ ያልፋል፤ ቅንድብ ሲነሳ የተከበበው ይጫናል። ብዙዎቹ የስልክ አማርኛ ኪቦርዶች መጀመሪያ ዋናውን ፊደል፣ ቀጥሎ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ያለውን ዝርያ ስለሚያስመርጡ አሠራሩ ከገበታችን ጋር አንድ ነው።

አትሳቱ፤ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሳያስበው ቅንድቡ ሲነሳ የማይፈልገው እየተጫነ ተናደደ። ቅንድቡ ተነስቶ የሚቆይበትን ጊዜ ረዘም፣ የፍተሻውን ፍጥነት ቀስ አደረግንለት። ካሜራው ብርሃን ይፈልጋል፤ ማታ መብራት ፊት ለፊቱ እንጂ ከኋላው መሆን የለበትም። ባትሪ ደግሞ እንደ ጉድ ይጨርሳል፤ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ቢውል ይሻላል። ስልኩን በፊቱ ትክክል የሚይዝ ማቆሚያ ወንድምየው ከእንጨት ሠራ።

ሌላም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ በኋላ ፊት የሚያነበው ስልኩ ራሱ ስለሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ አንረሳም። የሰው ምላስ በኔትወርክ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሰውየው እንደገና ይታሰራል። ስለዚህ ስልክ ቢኖርም የፊደል ገበታው ከግድግዳ አይውረድ!

አይፎን ላላቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 18ኛው አይኦኤስ በአንዳንድ ስልኮች ላይ በዓይን ብቻ ማዘዝ ይቻላል። ጉግልም «ጌምፌስ» የተባለውን፣ ራስን በማንቀሳቀስና ፊትን በማሸብሸብ የኮምፒውተር ማውዝ የሚያዝበትን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሕዝብ ለቋል።

ልጁ በዚያ ስልክ ለብቻው የላከላትን የመጀመሪያ መልእክት ምን እንደሚል አልጠየቅኳትም። እናንተም አትጠይቁኝ።

መስማት የተሳናቸውስ?

አንዳንዶቻችሁ «በምልክት ለሚነጋገሩትስ እንዲህ ያለ ነገር የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እነሱ ግን ቋንቋ የጎደላቸው አይደሉም፤ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ስምና አዲስ ቃል የሚጽፉበት የጣት ፊደልም አላቸው። አሠራሩ ደስ ይላል! ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። «ለ» እና «ሎ» አንድ ቅርጽ፣ ሁለት እንቅስቃሴ ናቸው።

ይህንን የጣት ፊደል በካሜራ አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ለመሥራት የአገራችን ተመራማሪዎች ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 በውጭ አገር ጉባኤ ላይ ቀርቧል። ሆኖም የጣት ፊደል ማንበብና ቋንቋውን መረዳት ለየቅል ናቸው። ማሽኑ እስኪደርስልን ድረስ መቶ ያህል ምልክት ብንማር ምን ይለናል?

ቤታችሁ ውስጥ ቢያጋጥም

በአደጋ፣ በደም መፍሰስ፣ ወይም ከልደት ጀምሮ ባለ የአንጎል ጉዳት መናገርም መጻፍም ያቃተው ሰው በየሠፈሩ አለ። ለሚመለከታችሁ ይህን ያዙ፦

ሀ/ መጀመሪያ ሐኪም። የነርቭ ሐኪም ሳያየው «አእምሮው የለም» ብሎ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ለ/ «አዎ»ና «አይደለም»ን አስቀድሙ። ያልደከመ አንድ እንቅስቃሴ ፈልጉ፤ ቅንድብ፣ ዓይን፣ አውራ ጣት፣ ጉንጭ። ምልክቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አልጋው በላይ ለጥፉ፤ ጠያቂ ሁሉ ይወቀው።

ሐ/ ገበታውን አሳጥሩ። ድምፃቸው የሚደገመውን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ ብታወጡ 28 ረድፍ ይቀራል። በአራት ምድብ ሰባት ሰባት አድርጉት፦

1ኛ፦ ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ ቀ
2ኛ፦ በ ተ ቸ ነ ኘ አ ከ
3ኛ፦ ኸ ወ ዘ ዠ የ ደ ጀ
4ኛ፦ ገ ጠ ጨ ጰ ጸ ፈ ፐ

መጀመሪያ ምድቡን፣ ከዚያ ፊደሉን፣ ከዚያ ግዕዝ ካዕቡን ጥሩ። «ፍቅር» የሚለው ቃል በሙሉው ገበታ 65 ጥሪ ይወስዳል፤ በዚህ 41። በአማርኛ ሳድስ ስለሚበዛ ከሰባቱ ሳድስን ቀድማችሁ ብትጠሩ ደግሞ ወደ 26 ይወርዳል። እኛ ቆጥረነዋል፤ እናንተም ቁጠሩ።

መ/ አትጨርሱለት። «ው» ሲል «ውሃ ነው አይደል?» ብላችሁ አትሩጡ። ውጪ ማለት ፈልጎስ ቢሆን? ገምታችሁ ከሆነ ጠይቁት፤ «አይደለም» ካለ ተመለሱ።

ሠ/ ፈትኑ። ጠሪው የማያውቀውን ነገር አልፎ አልፎ ጠይቁ። ይህ እሱን መጠራጠር አይደለም፤ ቃሉ የራሱ መሆኑን ማስከበር ነው። በተለይ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤትና ስለ ትዳር ሲሆን በሌላ ቀን፣ በሌላ ጠሪ ደግማችሁ ጠይቁት።

ረ/ ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ ሥዕል ይሆናል። ምግብ፣ ሕመም፣ መጸዳጃ፣ ሙቀት፣ ብርድ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፤ ዘዴው ያው ነው። ሕፃን ከሆነ ግን ፊደሉንም እየጎን አስተምሩት፤ አይናገርም ማለት አይማርም ማለት አይደለም።

ሰ/ አንድ ቦታ አታስተኙት። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የአልጋ ቁስልን ይከላከላል። ፍራሹንም ገልጣችሁ እዩ!

ሸ/ ምስጢሩን ጠብቁለት። የጻፈውን ሳያስፈቅዱ ማንበብም ሆነ ለጎረቤት ማውራት ነውር ነው።

መጨረሻ ላይ ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። ስምምነቱ አካል ጉዳተኛ በመረጠው የመግባቢያ ዘዴ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። ቅንድብም አንዱ ዘዴ ነው። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ቀበሌ ወይም ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «ራሱ ይናገር» ሲሏችሁ፣ «ይናገራል፤ ትንሽ ጊዜ ስጡት» ለማለት አትፈሩ።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ በስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት የምታመሹ፣ አንድ ማታ ከዚያ ላይ ቀንሳችሁ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ጎራ በሉ። ፕሮግራሙን መጫን ለናንተ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁትና ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። መልሱ ቢዘገይም አትነሱ።

ቸር ይግጠመን!